የማን ራስ ነው?

ባለፈው የትምህርት ወራት አንድ ቀን መምህራችን አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። ፎቶግራፉ የራስ ቅል ነበር። ታችኛው መንጋጋ የለውም፤ ፊቱ እንደ ጋሻ ሰፊ ነው፤ ከዐይኖቹ ጕድጓድ በላይ ያለው ዐጥንት እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ፊት ወጥቷል። መምህራችን ፎቶግራፉን በሰሌዳው ላይ ከለጠፉ በኋላ ልኩን የሚገልጽ ወረቀት ለየጠረጴዛው አደሉና፣ «ይህን ራስ መድቡት፤ ከየትኛው የሰው ዝርያ እንደ ሆነ በአንድ ስም ጥሩት፤ ምክንያታችሁንም ጻፉ» ብለው ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ በሦስት ጎራ ተከፈለ። ክርክሩ በዚያው አላበቃም፤ ተከትሎን ምግብ አዳራሽ ገባ። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አንዱ ስለ ግንባር፣ አንዱ ስለ ጕንጭ ዐጥንት ይሟገት ጀመር። በማታውም መኝታ ቤት ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ «አንተ ደግሞ የየትኛው ወገን ነህ?» የሚል ድምፅ ከላይኛው አልጋ ይሰማ ነበር።

ከአርሲ ደጋ፣ ከጢቾ የመጣነው ሦስት ልጆች ግን ወረቀታችንን ባዶውን መለስን። መምህራችንም ለባዶ ወረቀት የሚገባውን ማርክ ሰጡን፤ በዚህ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ጓደኞቻችን ስንፍና ይዞን ወይም አውቀን ያሾፍን ስለ መሰላቸው፣ ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ ለማኅበራችን መጽሔት ልናቀርብ ተገደድን። ስለ ሳይንስ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የአገር ቤቱን ነገር ስናወራ ግን በራሳችን አቈጣጠር እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ራሱ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በፎቶግራፉ ላይ ያየነው የቦዶ ራስ ቅል የሚባለው ነው። የተገኘው በ1976 በአፋር ምድር፣ በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ፣ ቦዶ በተባለው ስፍራ ነው። በዚያ ይሠራ የነበረው ጆን ካልብ የተባሉት አሜሪካዊ የሚመሩት የምርምር ጓድ ሲሆን፣ ራሱን ካገኙት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ አስፋው ይገኙበታል። እኒህ ሰው ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1974፣ በሐዳር እጅግ የጥንት የሆኑ መንጋጋዎችን ያገኙ ናቸው። የቦዶ ራስ ሲገኝ ተሰባብሮ ነበርና፣ ስብርባሪው ተለቅሞ እንደ ተሰበረ ገንቦ ተገጣጠመ። ፊቱና ከላይኛው ክፍል ብዙው ተገኙ፤ ታችኛው መንጋጋ ግን አልተገኘም። የዚህን የመንጋጋ ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዕድሜው 600 ሺሕ ዓመት ገደማ ነው። ይህን የተናገረው ዐጥንቱ ራሱ አይደለም፤ የተናገረው መሬቱ ነው። በዚያ አገር የእሳተ ገሞራ ዐመድ በየዘመኑ እየወረደ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ይገኛል። በዐመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በዘመን ብዛት ጥቂት በጥቂት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የአርጎኑን መጠን የለካ ሰው ዐመዱ መቼ እንደ ወረደ ያውቃል። በ1994 የታተመው ጥናት የቦዶን ዘመን የቈረጠው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ ዐጥንት ከተኛበት ንብብር ጋር ሲገኝ ምስክር ይሆናል፤ ከቦታው ተነሥቶ ብቻውን በሰው እጅ ሲገኝ ግን ብዙ የሚናገረው ነገር ይጠፋዋል። ይህንንም አንባቢ ይያዝልን።

የክርክሩ ሥር ይህ ነው። የቦዶ ሰው አንድ እግሩ በአንድ ቤት፣ ሌላው እግሩ በሌላ ቤት የቆመ ሰው ነው። የዐጥንቱን ውፍረት፣ የቅሉን ዝቅታ፣ የቅንድቡን ጕብታ ያየ ሰው ከጥንታዊው ከሆሞ ኢሬክተስ ጋር ሊያስቀምጠው ይወዳል። የአንጐሉን ቦታ የለካ ደግሞ 1,250 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ያገኘዋል፤ የዛሬ ሰው አማካይ ልክ 1,350 ገደማ ነውና ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ግንባሩም ከኢሬክተስ ይልቅ ሰፋ ያለ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሊቃውንት «ጥንታዊ ሆሞ ሳፒየንስ» በሚል አንድ ሰፊ ቅርጫት ውስጥ ከቱት። ቅርጫቱ ግን ከመስፋቱ የተነሣ ያልገባበት ራስ አልነበረም፤ ሁሉን የሚይዝ ስምም ምንም አይለይም።

በክፍላችን የተነሡት ሦስቱ ጎራዎች የሊቃውንቱን ጎራዎች የተከተሉ ነበሩ። አንደኛው ጎራ «ሆሞ ሄይድልበርገንሲስ ነው» አለ። ይህ ስም የወጣው በ1907 በጀርመን አገር በሄይድልበርግ ከተማ አጠገብ፣ ማወር ከተባለ መንደር ለተገኘ መንጋጋ ነው፤ ስሙን በ1908 ያወጡለት ኦቶ ሼተንዛክ ናቸው። ፊሊፕ ራይትማየር የተባሉ ሊቅም በ1996 የቦዶን ራስ መርምረው ወደዚህ ወገን አስጠግተውታል። ሁለተኛው ጎራ «ሆሞ ሮዴሲየንሲስ ነው» አለ። ይህኛው ስም ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር፣ በካብዌ የማዕድን ጕድጓድ በ1921 ለተገኘ ራስ ቅል በዚያው ዓመት የተሰጠ ነው። በእርግጥም የካብዌ ራስና የቦዶ ራስ ጐን ለጐን ሲታዩ እንደ ዘመዳሞች ናቸው። ሦስተኛው ጎራ ከሁሉ ይልቅ ጯሂ ነበር፤ «ሆሞ ቦዶኤንሲስ ነው! የራሳችን ስም እያለው ለምን በሰው ስም ይጠራል?» እያለ ጠረጴዛ ደበደበ።

ይህ የመጨረሻው ስም በ2021 በሚርያና ሮክሳንዲችና በባልደረቦቻቸው የቀረበ ነው። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ሄይድልበርገንሲስ የሚለው ስም አውሮፓንም አፍሪካንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ሲደናገር ኖሯል። በስፔን የተገኙ የ430 ሺሕ ዓመት ዐጥንቶች ዘረ መላቸው በ2016 ሲነበብ ለኒያንደርታል ሰው የቀረቡ ሆነው ተገኙ፤ ስለዚህ የአውሮፓዎቹ ብዙዎቹ ወደዚያ ቤት ሊሄዱ ነው። ሮዴሲየንሲስ የሚለው ደግሞ ከሮዴዥያ፣ ሮዴዥያም ከሴሲል ሮድስ የመጣ ነውና፣ የአፍሪካ አባት ሊሆን የሚችል ሰው በቅኝ ገዢ ስም መጠራቱ አይገባም አሉ።

ኤሪክ ዴልሰንና ክሪስ ስትሪንገር ግን በ2022 መልስ ጻፉ። የእንስሳት ስም አወጣጥ ደንብ አለ፤ ደንቡም አስቀድሞ የወጣ ስም ይጽና ይላል። የካብዌና የቦዶ ራሶች አንድ ዝርያ ከሆኑ፣ ስሙ የ1921ዱ ነው እንጂ የ2021ዱ ሊሆን አይችልም፤ ስሙን ስላልወደድነው ብቻ ልንሽረው አንችልም የሚል ነው ሐሳባቸው። በዚህ ላይ እኛ ከጢቾ የመጣነው ደግሞ አንድ ነገር አስተዋልን። የሄይድልበርግ ስም የተንጠለጠለው በአንድ ታችኛ መንጋጋ ላይ ነው። ቦዶ ደግሞ ያጣው ያንኑ ታችኛውን መንጋጋ ነው። አንዱ መንጋጋ ያለ ራስ፣ ሌላው ራስ ያለ መንጋጋ፤ ታዲያ ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ ማን ያስተያያቸዋል?

ይህን ባሰብን ጊዜ ነው እጃችን ከመጻፍ የተገታው፤ ልባችን ወደ ጢቾ ሄዶ ነበርና።

ጢቾን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ የገብስና የባቄላ አገር፣ በክረምት ጉሙ ከደጅ አልፎ ቤት የሚገባበት ብርዳም ደጋ ነው እንበለው። የአርሲ ደጋ ውሃ ገሚሱ ወደ አዋሽ፣ ገሚሱ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይወርዳል። ሕዝቡ ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በአንድ ዕድር ይረዳዳል፤ መቃብሩ ግን ለየብቻ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት እኛ ሦስታችን የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ጥጃ እንጠብቅ ነበር። ከከተማው በታች ጐርፍ የቦረቦረው አንድ ገደል አለ። አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ከገደሉ ግድግዳ ላይ ክብ ነገር ወጥቶ አየን። ቅል መስሎን ነበር፤ ቀርበን ስናይ የሰው ራስ ሆነ። ግማሹ ገና በአፈር ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ሸሸን። ከዚያ ተመለስን። ከመካከላችን አንዱ በጥጃ መጠበቂያው ዱላ ነካ አደረገው፤ ሁለተኛው «እኔም እኔም» አለ፤ በመጨረሻ ሦስታችን ተጋግዘን በዱላ ፈልቅቀን አወጣነው። ሲወጣ ታችኛው መንጋጋ ተለይቶ ወደ ጐርፉ ወደቀ። ከላይ ያሉትም ጥርሶች ዱላው ሲያገኛቸው ረገፉ። ራሱን ዱላ ላይ ሰክተን እየጮኽን ወደ መንገድ ወጣን፤ አንድ ድንጋይ ላይም አስቀመጥነው።

ትልልቆቹ ሲያዩን የደረሰብን ቍጣ ለማንም የሚነገር አይደለም። በማግስቱ ቄሱም፣ ሼኹም፣ የዕድሩ ሽማግሌዎችም መጡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ይህ ራስ የማን ነው? ከየትኛው መቃብር ይግባ?» የሚል። በዚያ ገደል አጠገብ የታወቀ መቃብር የለም፤ ከድሮ ሰው አንድም የሚያስታውስ አልተገኘም።

ሽማግሌዎቹ ግን ዕውቀት ነበራቸው። ክርስቲያን ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው። እስላም ሲቀበር በቀኝ ጐኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ መካ ነው፤ ከአርሲ ሆኖ መካ በስተ ሰሜን ነውና፣ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። የሁለቱ ራስ በተቃራኒ ወገን ነው ማለት ነው። ቀሪው አካል በገደሉ ውስጥ በቦታው ቢገኝ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ አይቶ መፍረድ ይቻል ነበር። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሌላ ከባድ ዝናብ ጥሎ የገደሉ ግድግዳ ተንዶ፣ ጐርፉ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ወስዶታል።

እንግዲህ የቀሩት ምስክሮች እኛ ነበርን። ለየብቻ ጠርተው፣ «ልጄ፣ አትፍራ፤ ስታገኙት ፊቱ ወዴት ነበር?» ብለው ጠየቁን። አንዱ «ወደ ከተማው» አለ። አንዱ «ወደ ወንዙ» አለ። አንዱ «ወደ ሰማይ» አለ። ሦስታችን ሦስት መልስ ሰጠን፤ ሦስታችንም እውነት የተናገርን መስሎን ነበር። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ዝም አሉ።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት እናት መጡ። በሰፈሩ ያለ ልጅ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። የበኵር ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. አንድ ማታ ሰዎች ከደጅ ጠርተውት ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ዐጥንት ተገኘ ሲባል ሳያዩ አይቀሩም። መጥተው ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ፤ ራሱን ሳይነኩት ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ ጥርሶቹስ?» አሉን። ልጃቸው በሕፃንነቱ ከፈረስ ወድቆ ከላይ ካሉት የፊት ጥርሶቹ አንዱ እኩሌታው ተሰብሮ ነበር።

እኛም፣ «እማማ፣ ጥርስ አልነበረውም» አልናቸው።

ውሸት ነበር። የፈራነው ሌላ ግርፊያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ሳያየን በገደሉ ጭቃ ውስጥ በእጃችን ስንፈልግ ዋልን፤ ያገኘነው አንድ መንጋጋ ጥርስ ብቻ ነው። እርሱንም «አሁን አገኘን» ብለን ሰጠናቸው። በመዳፋቸው ይዘው አዩት፤ መንጋጋ ጥርስ ከማንም መንጋጋ ጥርስ አይለይምና መለሱልን።

ቄሱ፣ «እናቴ፣ ልጄ ነው ካሉ በቤተ ክርስቲያኑ እናሳርፈዋለን፤ ማንም አይከለክልዎትም» አሏቸው። ሼኹም ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙ። እማማ የመለሱትን ቃል ዛሬም ድረስ ሦስታችን በአንድ ዓይነት እናስታውሰዋለን፤ ምናልባት በዚያ ቀን አንድ ዓይነት ያስታወስነው ነገር ይህ ብቻ ነው። «አባ፣ ልጄ ነው ብዬ ባለቅስ የሌላዪቱን እናት ልጅ ሰረቅሁ። አይደለም ብዬ ብተወው ምናልባት የራሴን ጣልሁ። የማላውቀውን አላውቅም። ነጠላዬን ግን አልነፍገውም» አሉ። ነጠላቸውንም አውልቀው ሰጡ።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ «ነማ» አሉ፤ ሰው ማለታቸው ነው። ቀጥለውም በአማርኛ፣ «ሰው መሆኑን የተጠራጠረ አለ? ከሌለ መሬት ይግባ» አሉ። ከገደሉ በላይ፣ ከአንድ የጥድ ዛፍ ሥር ተቀበረ። ቄሱም ሼኹም እስከ መጨረሻው ቆመው ነበር። በላዩ ድንጋይ ተከመረበት፤ ስም አልተጻፈበትም። እማማም ከዚያ በኋላ ተዝካር አላወጡም፤ ዐጥንት ሲገኝ መጥቶ ማየታቸውንም አልተዉም።

ክቡራን አንባብያን፤ የቦዶን ራስ በሰሌዳው ላይ ባየን ጊዜ የመጣብን ይህ ነው። ባዶ ወረቀት የሰጠነው ሊቃውንቱን ንቀን አይደለም። እንዲያውም ሊቃውንቱ እኛ በዱላችን ያጠፋነውን ዓይነት ነገር ለማዳን ምን ያህል እንደሚደክሙ ከተረዳን ወዲህ አክብሮታችን ጨምሯል። ዐጥንት ሲያገኙ ከማንሣታቸው በፊት ቦታውን ይጽፋሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ አፈሩን በወንፊት ይነፋሉ፤ አንዲት ጥርስ እንኳ እንዳታመልጥ ይጠነቀቃሉ። የስም ክርክሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙ ሊለወጥ ይችላል፤ በትክክል የተጻፈው ልክና ቦታ ግን ስም ለሚለውጡት ሁሉ ይጠቅማል። የቦዶ ራስ ከ1976 ወዲህ ሦስት አራት ስም ሲፈራረቅበት ልኩና ንብብሩ ከነቦታቸው ናቸው።

በዚሁ ራስ ላይ የሚታይ አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቲም ኋይት የተባሉት ሊቅ ራሱን በአጕሊ መነጽር ሲመረምሩ በጕንጩ ላይ፣ በዐይኑ ጕድጓድ ውስጥና በግንባሩ ላይ የቢላዋ ጭረት አገኙ፤ ይህንም በ1986 አሳተሙ። ጭረቱ ዐጥንቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ በድንጋይ መሣሪያ የተደረገ ነው። ያ የሞተው ሰው ሥጋው በሌላ ሰው እጅ ተገፏል ማለት ነው። ለምን? ለመብል ነው የሚሉ አሉ፤ ለሙታን የሚደረግ ሥርዐት ሊሆን ይችላል የሚሉም አሉ። ቢላዋው እንደ ነካው ይታያል፤ ቢላዋውን የያዘው ሰው በልቡ ምን እንደ ነበረ ግን በዐጥንት ላይ አልተጻፈም። ቍጣ ይሁን ረኀብ ይሁን ፍቅር፣ ጭረቱ አንድ ነው። እኛም በዚያ ገደል ላይ በዱላችን ጭረት ትተናል። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚያየው ሊቅ «እነዚህ ሰዎች ሙታናቸውን ያዋርዱ ነበር» ቢል፣ የእማማን ነጠላ ከየት አግኝቶ ያውቃል?

ስም ከማውጣት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ምሳሌ በአገራችን አለ። በኦሞ ሸለቆ፣ በኪቢሽ፣ በ1967 ሁለት ራሶች ተገኙ፤ አንዱ የዛሬን ሰው ይመስላል፤ ሁለተኛው ጥንታዊ መልክ አለው። መልካቸው ስለ ተለያየ ብቻ ለሁለት ዝርያ ልንከፍላቸው ነውን? በአንድ ቤት የተወለዱ ወንድማማች እንኳ መልካቸው ሊራራቅ ይችላል። በሄርቶ በ1997 የተገኙት የ160 ሺሕ ዓመት ገደማ ራሶች ደግሞ በ2003 በእነ ቲም ኋይትና በእነ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ሲታወጁ «ኢዳልቱ» የሚል የአፋርኛ ቃል ተጨመረላቸው፤ ትርጕሙ ሽማግሌ ማለት ነው። ይህ ተጨማሪ ስም ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው እስከ ዛሬ ሁሉም አልተስማማም፤ የሆሞ ሳፒየንስ ወገን ስለ መሆናቸው ግን ብዙ ክርክር የለም። የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይቶ መናገር ይህን ይመስላል።

የራሳችን የአርሲ ደጋም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በአርሲና በባሌ ደጋ መካከል፣ በዋቢ ሸበሌ ላይ በሚገኘው በገደብ ሜዳ፣ ዴዝሞንድ ክላርክና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ሲቈፍሩ ከ700 ሺሕ ዓመት በላይ የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተዋል፤ ከባልጩት የተሠሩ የእጅ መጥረቢያዎችም አሉባቸው። ስለዚህ ከቦዶ ሰው በፊት እንኳ በዚህ ብርዳም ደጋ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ የሚጠርብ እጅ ነበረ። ያን እጅ በምን ስም እንጥራው? መጥረቢያው ስም አይናገርም፤ እጅ እንደ ነበረ ግን ይመሰክራል። ሽማግሌው «ነማ» ያሉትን እኛ ለእርሱ ለማለት አናፍርም።

አሁን ወደ ክፍላችን ሦስተኛ ጎራ እንመለስ። «የራሳችን ስም ይሁንለት» ላሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ቃል አለን። የቅኝ ገዢ ስም የሚያስቈጣ መሆኑን እኛም እናምናለን። ነገር ግን ስሙን ስለ ወደድነው ራሱ የዚያ ዝርያ አይሆንም፤ ስለ ጠላነውም ከዚያ ዝርያ አይወጣም። እማማ ከዐርባ ዓመት ጥበቃ በኋላ ልጄ ነው የማለት ምኞት ከሁላችን የበለጠ ነበራቸው። ምኞታቸውን ግን ማስረጃ አላደረጉትም። በመኝታ ቤታችን ዐዲስ ተማሪ ሲመጣ ሻንጣውን ሳያወርድ «የየት ነህ? የማን ወገን ነህ?» የሚሉ ጥያቄዎች የሚቀድሙበትን ጊዜ ስናይ፣ ያን የድንጋይ ላይ ራስና ዙሪያውን የቆሙትን ሰዎች እናስባለን። ያን ጊዜ በጢቾ «ወዴት ይቀበር?» ብለው ጠየቁ እንጂ፣ «የእኛ ካልሆነ ለውሻ ይጣል» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ጢቾ ስንወርድ ሦስታችን ተማክረን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ቡና አፍልተው አቀረቡልን። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ የጥርሱን ነገር ነገርናቸው፤ ጥርስ እንደ ነበረው፣ በዱላችን ያረገፍነው እኛ እንደ ሆንን፣ ፈርተን እንደ ዋሸን። ይቅርታም ጠየቅናቸው።

እማማ ስኒውን አስቀመጡ። «ታዲያ ልጆቼ፣ ስብር ነበረበት?» አሉን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ «ሙሉ ይመስለኛል» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። እውነቱ አላየንም። ጥርሶቹ ሲረግፉ ዐይናችን ዱላው ላይ ነበር። ይህን ያህል ዓመት በልባችን ተሸክመን ያመጣነው ኑዛዜ ለእርሳቸው የሚሆን አንዲት ቃል አልነበረበትም።

«እማማ፣ አላየንም» አልናቸው።

«እንግዲህ ይህንንስ እውነት ተናገራችሁ» አሉና ሦስተኛውን ቀዱልን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ወረቀቱ ባዶ የሆነው ስለዚህ ነው። በሚመጣው ዓመት ከመካከላችሁ ወደ አፋር ወይም ወደ ኦሞ ወይም ወደ ገደብ ለቍፋሮ የምትወጡ ትኖራላችሁ። ዐጥንት ስታገኙ ስሙን ለመጥራት አትቸኵሉ። አስቀድማችሁ ፊቱ ወዴት እንደ ዞረ ጻፉ፤ ጥርሶቹንም አንድ በአንድ ቍጠሩ።